ከበር እስከ መርፌ

ጥቅምት 9

አባባ፣

ደብዳቤዎ ከደረሰኝ ሦስት ሳምንት አልፎታል። አሁን ገና መልስ ለመጻፍ ስቀመጥ እያፈርኩ ነው። ጉልበትዎ እንደተሻለው ወንድሜ ነግሮኛል፤ ጆሮዎ ግን አሁንም ከስልክ ጋር እንደተኳረፈ ነው አሉ። ስለዚህ እኔም በእርስዎ መንገድ፣ በወረቀት መጣሁ።

ሥራዬን አልተውኩም። ይህን ያወራልዎ ሰው አጋኖታል። ያው የድንገተኛ ክፍል ነርስ ነኝ፤ ያው ነጭ ጋውን፣ ያው እግሬን የሚፈጀው ጫማ። የጨመርኩት አንድ ደብተር ብቻ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። የልብ ሐኪማችን፣ ያ ሰው ሲያናግረው አንገቱን ዘንበል አድርጎ የሚያዳምጠው ቀጭን ሰውዬ፣ ባለፈው ዓመት ልባቸውን ድንገት ታመው የመጡትን ሰዎች መዝገብ ሲያገላብጥ ከርሞ አንድ ቀን ሻይ ክፍል ገብቶ ዘጭ አለ። «ከስድስት ሰው አንድ እየሞተብን ነው» አለ። «መድኃኒቱ አለን። ሌሎች ዘንድ ያለው መድኃኒት ነው። ታዲያ ምን ሆነን ነው?» ሌሎቹ ሻያቸውን ማማሰል ቀጠሉ። እኔ ግን ከሁለት ቀን በፊት አንድ ልብስ ሰፊ ከካርድ ክፍሉ መስኮት ፊት፣ ተራው ሊደርስ ሦስት ሰው ሲቀረው፣ ግድግዳ እንደተደገፈ በዚያው ቀርቶ ነበርና አፌን መያዝ አቃተኝ። «ዶክተር፣ መድኃኒቱ ጋ ሳይደርሱ እኮ ነው» አልኩት። «በምን ታውቂያለሽ?» አለኝ። እውነቱን ልንገርዎ፣ በምንም አላውቅም ነበር።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ደረቱን ይዞ የመጣ ሰው ሁሉ በር የገባበትን፣ ካርድ ያወጣበትን፣ አልጋ ያገኘበትን ሰዓት እጽፋለሁ። ኢሲጂ የተነሣበትን፣ ማለትም የልቡ ምት ወረቀት ላይ ወጥቶ የታየበትንም እጽፋለሁ። መጨረሻ ላይ የረጋውን ደም የሚያሟሟው መርፌ የተሰጠበትን። እስካሁን ሃያ ሦስት ሰው ደርሻለሁ። እርስዎ ሠላሳ አንድ ዓመት የባቡር ስምሪት ላይ ኖረዋል፤ መዘግየት እንዴት እንደሚጻፍ ከእርስዎ በላይ የሚያውቅ ሰው የለም። ያስተምሩኝ።

ሌላም አንድ ነገር። እማዬ ያረፈች ቀን እኔ ነርስ ትምህርት ቤት፣ እሩቅ ነበርኩ። ሆስፒታል ስንት ሰዓት ደርሳችሁ ስንት ሰዓት ሐኪም እንዳያት ጠይቄዎት አላውቅም። የሚከብድዎ ከሆነ ይለፉት።

ልጅዎ


ጥቅምት 22

ልጄ፣

አልተቀየምኩም። አራት ቀን ዘግይቶ የገባ የእህል ባቡር ባርኔጣዬን አንሥቼ የተቀበልኩ ሰው ለሦስት ሳምንት ደብዳቤ አልኮርፍም።

የጠየቅሽኝን ልንገርሽ። ከሁሉ በፊት ሰዓቶቻችሁን አስማሚ። እኛ ጠዋት ገብተን የመጀመሪያ ሥራችን ይኸው ነበር። የበሩ ሰዓት ሌላ፣ የክፍሉ ሰዓት ሌላ ከሆነ የጻፍሽው ሁሉ ተረት ነው። ሰዓቱንም ነገሩ ሲሆን ወዲያው ጻፊው። «ወደ አራት ሰዓት ግድም» የሚባል ሰዓት በዓለም ላይ የለም፤ ይህን ለአንድ ጓደኛዬ ሃያ ዓመት ነግሬው ሳይገባው ጡረታ ወጣ። ደግሞ ምክንያቱን ከሰዓቱ አጠገብ አትጻፊ። ምክንያት የተጻፈ እንደሆነ ሰው ራሱን መከላከል ይጀምራል። ሰዓት ማንንም አይሰድብም፤ ዝም ብሎ ይቀመጣል፤ ያየው ሰው ራሱ ያፍራል።

ባቡር ዘግይቶ የገባበት ጣቢያ ብዙ ጊዜ ጥፋት የለበትም። የቆመው ከኋላ ነው። ሐኪምሽ ጋ ዘግይቶ የደረሰውን ሰው ወደ ኋላ ተከተይና የቆመበትን ቦታ ፈልጊ።

ስለ እናትሽ የጠየቅሽውን አሁን አልመልስም። ረስቼው አይደለም።

የወንድምሽ ሚስት ሹራብ እየሠራችልሽ ነው። አንዱን እጅጌ አይቼዋለሁ፤ ለሁለት ሰው ይበቃል። ሲደርስሽ ዝም ብለሽ ልበሺው።

አባትሽ


ኅዳር 17

አባባ፣

ምን ቢያዩ ጥሩ ነው። የበሩ ሰዓት አሥራ አንድ ደቂቃ ይቀድማል፤ የካርድ ክፍሉ ሰባት ደቂቃ ይዘገያል። በበሩ ሰዓት የገባ ሰው፣ በካርድ ክፍሉ ሰዓት ሊመጣ አሥራ ስምንት ደቂቃ ይቀረዋል ማለት ነው። የእኛ ክፍል ሰዓት ደግሞ ከቆመ ሁለት ዓመቱ ነው፤ ሁላችንም ቀና እያልን ስናየው እንውል ነበር። አሁን በየጠዋቱ ወንበር ላይ ወጥቼ አስማማለሁ። ባልደረቦቼ «ደቂቃ» የሚል ስም አውጥተውልኛል። «ደቂቃ መጣች፣ ሥራ ያዙ» ይባላል።

የቀድሞዎቹን ሰዓት በልዩነቱ አርሜያለሁ፤ አሁን ስልሳ አራት ሰው ደርሰናል። ከእነዚህ ግማሹ ከበር ገብቶ ኢሲጂ እስኪነሣ ድረስ ከዘጠና ሰባት ደቂቃ በላይ ጠብቋል። ኢሲጂው ራሱ የሚወስደው ስድስት ደቂቃ ነው። እንዳሉኝ ወደ ኋላ ተከተልኳቸውና የቆሙበትን አገኘሁት፤ ሃምሳ ስምንቱን ደቂቃ የበላው የካርድ ሰልፍ ነው።

ሴቶቹ ከወንዶቹ በአርባ ደቂቃ ይዘገያሉ። ይህን አልጠበቅኩትም ነበር። ወንድ ደረቱን ሲይዝ «ልቡ ነው» ይባላል፤ ሴት ደረቷን ስትይዝ «ጨጓራዋ ነው፣ ተበሳጭታ ነው» ይባላል። አንዲት የሒሳብ አስተማሪ የጨጓራ ሽሮፕ ተሰጥቷት ወደ ቤቷ ተመለሰች፤ ከሰዓት በኋላ በሰው ክንድ ላይ ሆና መጣች። ተረፈች። ዓይኗን ስትገልጥ መጀመሪያ ያለችኝ «ሽሮፑን ግን እንዳላችሁኝ ወስጃለሁ» ነው።

አለቆቼም አሁን ያውቃሉ። ዳይሬክተሩ አስጠርተውኝ ተነጋግረናል። ደህና ነኝ። ሥራ ትንሽ ተቀያይሯል እንጂ ደህና ነኝ። ሹራቡ ደርሶኛል፤ ይሞቃል፤ እጅጌውን ሁለቴ አጥፌዋለሁ። በጠቅላላው ደህና ነኝ።

ልጅዎ


ታኅሣሥ 3

ልጄ፣

በአንድ ወረቀት ላይ ሦስት ጊዜ ደህና ነኝ ብለሻል። ደህና የሆነ ሰው አንዴ ይበቃዋል። ወንድምሽን አስደወልኩት። ስልኩን ያነሣችው ጓደኛሽ ዕቃ ማምከኛ ክፍል መዛወርሽን ነገረችው። መቀስና ጓንት ማምከን የተከበረ ሥራ ነው፤ አንቺን እዚያ ያስገቡሽ ግን ለሥራው ክብር አስበው አይመስለኝም። ደብተሩን ቀሙሽ? እሱን ብቻ ጻፊልኝ።

አሁን ሳልመልስልሽ ያቆየሁትን ልመልስ።

ያን ቀን ጠዋት እናትሽ ልብስ ስታሰጣ ደረቴን ተጫነኝ አለች። የሥራ ደብተሬ ኪሴ ውስጥ ነበር። ስጨነቅ እጄ ሥራ መፍታት አይወድም፤ ጻፍኩ። 3፡10 በር። 3፡25 ሰልፍ። 4፡05 መስኮት፣ የመታወቂያ ፎቶ ኮፒ አምጡ ተባልን። 4፡30 እንደገና ሰልፍ። 5፡10 ካርድ። 5፡40 አልጋ። ከዚያ በታች 5፡52 የሚል አለ፤ አጠገቡ ምንም አልጻፍኩም።

ከ4፡30 እስከ 5፡10 ያለውን አርባ ደቂቃ ላንቺም ለወንድምሽም ተናግሬ አላውቅም። ከኋላችን የቆመች ሴት «ጋሼ፣ የባለቤትዎ ፊት ተለውጧል፤ አልፈው ይግቡ እንጂ፣ ማን ይቆጣዎታል» አለችኝ። እኔ ዕድሜዬን ሙሉ ቀይ መብራት ጥሼ የማላውቅ ሰው ነኝ። «ግድ የለም፣ ተራችን ሲደርስ» አልኳት። እናትሽም ክንዴን ይዛ «ተው፣ ሰው ይታዘበናል» አለች። ተራችን እስኪደርስ ቆምን። ይኸው ነው።

አሥራ አራት ዓመት ሙሉ ይህን ገጽ ማንም እንዳያየው አድርጌ አስቀምጬ ነበር። አሁን ቀድጄ ልኬልሻለሁ። እንድታለቅሺበት አይደለም። ሰዓቱ ትክክል ነው፤ ጠዋት ከጣቢያው ሰዓት ጋር አስማምቼው ነበር። ከፈረድሽብኝም አትደብቂኝ።

አባትሽ


ጥር 2

አባባ፣

ዘጠኝ ቀን ብዕር አንሥቼ አስቀመጥኩ። ይቅር ይበሉኝ፤ ያን ሁሉ ቀን መልስ ሲጠብቁ እንደነበር አውቃለሁ።

አልፈረድኩብዎም። ስንቱን ቤተሰብ ሰልፍ ላይ አይቼዋለሁ መሰልዎ። ዳኛ አይቻለሁ፤ ቦክሰኛ አይቻለሁ፤ አፋቸው የማይቻል የገበያ ሴቶች አይቻለሁ። በሽተኛቸውን ደግፈው፣ አንገታቸውን ደፍተው፣ ተራቸውን ይጠብቃሉ። ሰው ፈርቶ ሆስፒታል ሲገባ ያዘዙትን ይሠራል። ያን ሰልፍ የሠራነው እኛ ነን፤ እርስዎ የቆሙበት ብቻ ነዎት። እማዬም እርስዎን ስትወቅስ አትታየኝም። ይህን ደግሜ ደጋግሜ እጽፍልዎታለሁ፤ ባያምኑኝም ጽሑፉ ይኑርዎ።

ደብተሩን አልቀሙኝም። እኔ ማምከኛ ክፍል ሳለሁ ጓደኞቼ በየተራቸው ሲጽፉልኝ ነበር፤ አንድም መስመር አልጎደለም። ስልኩን ያነሣችው ልጅ «ደቂቃ ብትታሰርም ሰዓቱ አይቆምም» ብላ የመጀመሪያው ገጽ ላይ ጽፋበታለች።

የእርስዎን ገጽ ከጥናቱ ጋር መቀላቀል አይቻልም፤ ሌላ ሆስፒታል፣ ሌላ ዘመን ነው። ሐኪሙ ግን አነበበውና «ነይ» ብሎ በቀጥታ ዳይሬክተሩ ቢሮ ይዞኝ ገባ። ዳይሬክተሩ መነጽራቸውን አድርገው አዩት።

«ማን ነው የጻፈው?» አሉ።

«የባቡር ሠራተኛ ነው።»

«የመጨረሻውን ለምን አልጨረሰውም?»

ጣቴን 5፡52 ላይ አሳረፍኩ። ያኔ ገባቸው። ወረቀቱን ቶሎ አላስቀመጡትም። «እኔ እኮ ስማችን እንዳይጠፋ ብዬ ነበር» አሉ፣ ለእኔ ይሁን ለራሳቸው አላወቅኩም። ከዚያ «ሦስት ወር ሞክሩ። አንቺም ወደ ቦታሽ ተመለሺ» አሉ።

የሚሞከረው ቀላል ነው። ደረቱን ያመመው ሰው ካርድ ሳያወጣ በቀጥታ ኢሲጂ ይነሣል። የካርድ ክፍሏ ኃላፊ፣ እትዬ ማኅተም የምንላት፣ አሻፈረኝ አለች። «ካርድ የሌለው ሰው ቢጠፋብኝ በምን ስም ልፈልገው?» አለች። ጥያቄዋ እውነት ነበረ። በሦስተኛው ቀን ራሷ አርባ ቀይ ካርድ ቁጥር መትታበት ይዛ መጣች። «በር ላይ ይሰጠው። ስሙን አልጋው ድረስ ሄጄ እጽፋለሁ» አለች።

በሩ ላይ የሚሰጠው ጥበቃችን ሃምሳ አለቃ ነው። ሦስት ጥያቄ አስጠንተነዋል። ደረትዎን ይጫንዎታል? ክንድዎ ወይም መንገጭላዎ ድረስ ይሰማዎታል? ላብ ላብ ይልዎታል? ለሴትም ለወንድም እኩል፣ ሳያዳላ። ልምምድ ይሁነኝ ብሎ የገባውን ሁሉ ሲጠይቅ ሰንብቶ ትናንት ዳይሬክተሩን ራሳቸውን መኪናቸው መስኮት ላይ ጠየቃቸው። «እስካሁን አላለኝም» አሉት።

ልጅዎ


መጋቢት 11

ልጄ፣

«ደስ ይላል፣ እየሄደ ነው» ብለሽ ጽፈሻል። ይህ ቁጥር አይደለም። ቁጥር ላኪ።

ስለ ጉልበቴ ወንድምሽ የነገረሽ ግማሹ እውነት ነው። አዎ፣ በእግሬ ብዙ እየሄድኩ ነው። ወዴት እንደሆነ ያልነገረሽ እኔ አትንገራት ስላልኩት ነው። ይቅርታ አድርጊልኝ፤ አሁን ራሴ ልንገርሽ።

ከጥር አጋማሽ ጀምሮ እዚህ ሆስፒታላችን በር ላይ፣ እናትሽን ይዤ በገባሁበት በር፣ አግዳሚ ወንበር ላይ ስቀመጥ ከርሜያለሁ። ደብተርና ሰዓት ይዤ። ደረቱን ይዞ የገባውን አይቼ እጽፋለሁ፤ ኢሲጂ ክፍሉ በመስኮት ስለሚታይ የገባበትንም እጽፋለሁ። መጀመሪያ ሳምንት ጥበቃው «ሽማግሌው፣ እዚህ መቀመጥ ክልክል ነው» ብሎ አስነሣኝ። ሁለተኛ ሳምንት ወንድምሽን ጠርተው አስወሰዱኝ። ወንድምሽ ቤት ስንገባ «አባባ፣ ምን ልሁንልህ?» አለኝ። «በሳምንት ሁለት ቀን አድርሰኝ» አልኩት። አሁን ያደርሰኛል።

ሦስተኛ ሳምንት ሜትረኗ፣ የነርሶቹ አለቃ ማለት ነው፣ ራሷ ወጣች። ቁመቷ እንደ ባቡር ምልክት ምሰሶ ነው።

«ምንድነው የሚጽፉት?» አለች።

«ሰዓት።»

«የማንን ሰዓት?»

«የናንተን።»

ደብተሩን ተቀበለችኝ። አሥራ አንድ ሰው ነበረበት። ግማሹ ከመቶ አሥራ ሁለት ደቂቃ በላይ ጠብቋል። ቆማ ማንበብ ጀምራ አጠገቤ ተቀምጣ ጨረሰችው። «ማን አስተማረዎት?» አለችኝ። ልጄን ያስተማርኳት እኔ ነኝ ልል ፈልጌ ነበር፤ «ልጄ» አልኳት። አድራሻሽን ወስዳለች፤ ትጽፍልሻለች።

ከዚያን ቀን ወዲህ ያ ጥበቃ ወንበሩን ጠርጎ ይጠብቀኛል።

አባትሽ


ሐምሌ 6

አባባ፣

ቁጥር ይኸው። ሦስት ወሩ ስድስት እንዲሆን ተፈቅዶልን ነበር፤ ሳይጠናቀቅ ምንም አልልክም ብዬ ነው ያስቆጣሁዎት።

ከቀይ ካርዱ በፊት የጻፍናቸው መቶ አሥራ ሁለት ሰዎች ናቸው፤ አሥራ ዘጠኙ ሞተዋል። ከካርዱ በኋላ መቶ ሰማንያ ሦስት ሰዎች መጥተዋል፤ የሞቱት አሥራ ሁለት ናቸው። ከስድስት አንድ የነበረው ከአሥራ አምስት አንድ ሆኗል። ዘጠና ሰባቱ ደቂቃ አሥራ ሦስት ሆኗል። የሴቶቹ አርባ ደቂቃ ደግሞ ሦስት። ሦስቱን ራሱ እንከታተለዋለን።

ውጤቱን ያቀረብኩበት አዳራሽ እንዴት እንደነበረ ጠይቀውኛል። የየሆስፒታሉ ኃላፊዎች ነበሩ፤ ከፊት ወንበር ላይ ቅንድባቸው የሸበተ ፕሮፌሰር ተቀምጠዋል። ድምፄን ዝቅ አድርጌ ስለጀመርኩ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ዓረፍተ ነገሮች ማንም የሰማ አይመስለኝም። ከዚያ ቁጥሩ ጋ ስደርስ ድምፄ መጣ። ስጨርስ ፕሮፌሰሩ እጃቸውን አነሡ። «በኋላ የመጡት ቀድሞውኑ የተሻሉ ሕመምተኞች ቢሆኑስ?» አሉ። ሐኪሙ ይህን ጥያቄ ስንት ጊዜ እንዳለማመደኝ አይጠይቁኝ። ዕድሜያቸውን፣ ሲገቡ የነበራቸውን የደም ግፊት፣ ስኳር ያለባቸውንና የሌለባቸውን አመሳክረን ነበር፤ አሳየሁ። «ቀይ ካርዱ ብቻውን አዳናቸው አንልም፤ ቶሎ የታየ ሰው መድኃኒቱ በጊዜ ደረሰለት ነው የምንለው» አልኩ። ሰውየው ሰንጠረዡን ረጅም ጊዜ አዩት። «ልክሽን አውቀሽ ተናገርሽ» አሉና ተቀመጡ። ሐኪሙ ከእሳቸው ይህን ለመስማት አሥር ዓመት እንደጠበቀ በኋላ ነገረኝ።

ከዚያ ዳይሬክተራችን ሳይጠሩ ተነሡ። «ይህችን ነርስ ይህን ቆጠራ ስለጀመረች ዕቃ ማምከኛ ክፍል ያዛወርኳት እኔ ነኝ» አሉ፣ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት። «ተሳስቼ ነበር። እናንተ ዘንድም እንደዚህ የምትቆጥር ነርስ ካለች አትንኳት።» ጭብጨባው ሲመጣ እኔ ወደ በሩ አመለከትኩ፤ ሃምሳ አለቃ የተተኮሰ ኮት ለብሶ እዚያ ቆሞ ነበር። ሰው ሁሉ ወደ እሱ ዞሮ ተነሣ። እሱም እጁን አንሥቶ ወታደራዊ ሰላምታ ሰጠ። እኔ አላለቀስኩም። ያለቀሰችው እትዬ ማኅተም ናት፤ «አቧራ ነው» አለች።

አሥራ አንድ ሆስፒታሎች ከመስከረም ይጀምራሉ። መጀመሪያ እጇን ያነሣችው ማን እንደሆነች መቼም ያውቃሉ፤ ቁመቷ እንዳሉት ነው። የእርስዎን አሥራ አንድ መስመር በእጅ ጽሑፍዎ እንዳለ ስክሪኑ ላይ አሳየች። ሰዓቶቹን ጠዋት ጠዋት የሚያስማማ ሰው እንደምትፈልግም ነግራኛለች። ሌላ ሰው እንዳላቀርብላት አስጠንቅቃኛለች።

ደቂቃ


መስከረም 19

ልጄ፣

ጽሑፌ ቢንቀጠቀጥ አትደንግጪ፤ ጉልበቴ ላይ አድርጌ ስለምጽፍ ነው። አሁን ወንበሩ ከበሩ ውስጥ ነው። ደረቴ ላይ ስሜ ያለበት መታወቂያ አንጠልጥለውብኛል። ጠዋት የሆስፒታሉን አራት የግድግዳ ሰዓቶች አስማማለሁ፤ ከዚያ ከጥበቃው ጋር እቀመጣለሁ።

የመጀመሪያውን ቀይ ካርድ ማን ወሰደው ላልሽው፣ ሦስት ቀን ሙሉ የመጣ ሰው አልነበረም። በአራተኛው ቀን ዳቦ ቤት ያላት ሴት ከባሏ ጋር መጣች፤ ዱቄቱ ገና ክንዷ ላይ ነው። ጥበቃው ሦስቱን ጥያቄ ጠየቃት፤ ለሦስቱም አዎ አለች። ካርዱን ሲሰጣት ባልየው ግራ ገብቶት መስኮቱን እያየ «ሰልፉ በየት በኩል ነው?» አለኝ፣ በትሕትና።

«ለእናንተ ሰልፍ የለም። ተከተሉኝ» አልኩት።

ሮጥኩ። ወንድምሽ አያምነኝም፤ ጥበቃው ምስክሬ ነው። ባልየው በተሽከርካሪ ወንበር እየገፋት፣ እኔ ከፊት ኮሪደሩ ላይ ሰው እያስነሣሁ፣ «ዞር በሉ» እያልኩ፣ በዚህ ዕድሜዬ ጮኼ ሮጥኩ። 2፡48 በር። 2፡57 ኢሲጂ። 3፡14 መርፌ። ሜትረኗ ወረቀቱን አይታ ጀርባዬን መታችኝ፤ እጇ ከባድ ነው።

ወጥቼ ወንበሬ ላይ ተቀመጥኩ። ጥበቃው ውሃ ሰጠኝ። ስለዚያ አርባ ደቂቃ አምስት ደብዳቤ ላይ የጻፍሽልኝን ለመጀመሪያ ጊዜ ያመንኩሽ ያኔ ነው።

ሴትየዋ ስድስት ቀን ተኝታ ዛሬ ወጣች። ባልየው የልብሷን ቦርሳ ልያዝልሽ ይላል፣ እሷ አልሰጥም ትላለች፤ ሐኪሙ ከባድ ነገር አታንሺ ብሎሻል ይላታል፣ እሷ ደግሞ አንተ የያዝከው ሁሉ ይጠፋል ትለዋለች። እኔ አጠገብ ሲደርሱም አላቆሙም። በመጨረሻ ቦርሳውን ሰጠችውና በሩን ቀድማው ወጣች።

መውጫ ሰዓት ጻፍ የሚል መመሪያ የለም። ግን ጻፍኩት። 4፡20፣ በእግሯ።

አባትሽ